መርዶን በዕለቱ የሚናገሩት ሰው፦ የአቶ ይድነቃቸው ኃይሉ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይድነቃቸው ኃይሉ ከአባታቸው ከአቶ ኃይሉ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታ ይመር ሐምሌ 19 ቀን 1941 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በደሴ ከተማ፣ ሸዋ በር በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ አየለች ኃይሉ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጧቸዋል። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ፀሐዩ ኃይሉ ነበሩ።

ወይዘሮ አየለች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም እዚያው ደሴ ነው። ይህን ገና ከመነሻው የማነሣው ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ በቤታችን የተጨቃጨቅነው በእሳቸው ጉዳይ ስለሆነ ነው። የወንድማቸው መሞት ይነገራቸው ወይስ ይደበቃቸው? ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ልባቸው አይችልም፣ ይቆይ አለ። የሟች የመጀመሪያ ልጅ የሆንኩት እኔ ሰርካለም ይነገራቸዋል አልኩ። የእድራችን ሽማግሌዎችም ይህን ጽሑፍ ቀደም ብለው አይተው፣ ስለ መርዶና ስለ በሽታ የሚያወሳው ክፍል እንዲወጣ በትሕትና ጠየቁኝ። እኔም በትሕትና እምቢ አልኩ። የሰውየው ሕይወት እኮ እሱ ነው። እሱ ከወጣ የሚቀረው የልደት ቀንና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ነው። አባቴን በልደት ቀንና በመንጃ ፈቃድ ቁጥር አልሸኛቸውም።

ወይዘሮ ደስታ ፀሐዩን በወለዱ በሳምንቱ ሲሞቱ አባታችን የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው እናትህ ጸበል ሄዳለች፣ ስትድን ትመጣለች አላቸው። ጠዋት ጠዋት ከደጃፉ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ መንገዱን ማየት ጀመሩ። የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጭንቅላታቸውን ዳብሶ፣ ትመጣለች አይዞህ ብሎ ያልፋል። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱም ወጣ። በመጨረሻ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የነበሩት አየለች እጃቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰዷቸውና መቃብሩን አሳዩአቸው። «እማዬ እዚህ ናት። አትመጣም። አንተንና ፀሐዩን የማሳድጋችሁ እኔ ነኝ» አሏቸው። አባታችን ይህን ሲያጫውቱን፣ በዚያ ቀን አልቅሰው አልቅሰው ማታ እንደ ድንጋይ እንደተኙ፣ በማግሥቱም ደጃፍ ላይ እንዳልተቀመጡ ይነግሩን ነበር።

ወይዘሮ አየለች ቃላቸውን ጠበቁ። የራሳቸውን ትምህርት አቋርጠው፣ ጥልፍ እየጠለፉ ሁለቱን ወንድሞቻቸውን አስተማሩ። አባታችንም የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ ከተማ ተከታትለው በ1960 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያ በአዲስ አበባ የቴሌኮሙኒኬሽን ሥልጠና ወስደው ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌግራም ክፍል ተቀጠሩ። መጀመሪያ በደሴ፣ ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ፣ በጠቅላላው ሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። የምስጋና ወረቀት ሁለት ጊዜ ተሰጥቷቸዋል፤ አንዱን እናታችን አስቀምጠውታል፣ ሌላውን አይጥ በልቶታል።

በዚያ ሥራ ላይ ያዩትን እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ሰው ይሞታል፤ ቤተሰቡ ቴሌግራም ቤት ይመጣና «አባትህ በጠና ታመዋል ቶሎ ድረስ» ብሎ ቅጹ ላይ ይሞላል። አባትየው ግን ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ልጅየው ከሐረር ወይም ከጎንደር አውቶቡስ ላይ ሆኖ፣ ይድኑልኛል ብሎ ስለት እየተሳለ ይመጣል። ከአንዳንዱም ጋር አባታችን በኋላ ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር፤ ጥቁር ለብሶ መጥቶ፣ ያን ቴሌግራም የላኩት እርስዎ ነዎት ይላቸዋል። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ ለሞተ ማልቀስ ክልክል ሆኖ፣ ልጄ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል ብላ ለዘመዶቿ ያስላከችን እናት ያስታውሱ ነበር። እንደ ደንቡ ለክፍያው ቃሉን ቆጥረው ላኩላት። «የሷስ ግድ ሆኖባት ነው። የሌላው ውሸት ግን ሁሉ በኔ እጅ ነው ያለፈው» ይሉን ነበር።

አቶ ይድነቃቸው በጥር ወር 1968 ዓ.ም. ከወይዘሮ እታለማሁ ዮሐንስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እኔን ሰርካለምን፣ ቢንያምንና ቤዛዊትን ወልደዋል። ሁለቱም የየራሳቸው ቁጣ ያላቸው ሰዎች ስለነበሩ አርባ ዘጠኙ ዓመት ሁሉ በሰላም አለፈ ብዬ እዚህ ቆሜ አልዋሽም። ሲጣሉ ግን ፊት ለፊት ነበር የሚጣሉት፤ ሲታረቁም እንደዚያው።

በ1998 እ.አ.አ. ለእናታችን ዲቪ ደርሷቸው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ መጣ። ዲቪው የደረሰው ለእናታችን መሆኑን እንዳልረሳው እናታችን ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውኛል። ከዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት አምስታችን ገባን። አባታችን መጀመሪያ ዲሲ ውስጥ በፓርኪንግ ሠሩ። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ የኮምቦልቻው ልጅ አቶ ፉአድ መንገዱን አስጠንተዋቸው እዚሁ ከዲሲ ማዶ አሌክሳንድርያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ነዱ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቁ ሁለቱ ተጋግዘው ያልፈቱት የሰው ችግር የለም። አባታችን ለፍልሰታ ሲጾሙ ፉአድ ምሳቸውን መኪና ውስጥ ተደብቀው ይበሉ ነበር፤ በረመዳን ደግሞ ተራው የአባታችን ነበር።

አሁን ሽማግሌዎቹ ይውጣ ወዳሉት ክፍል ደርሻለሁ።

በጥር 2006 እ.አ.አ. አባታችን የልብ ቀዶ ሕክምና አደረጉ። በሦስተኛው ሳምንት ወንድማቸው ፀሐዩ ደሴ ላይ በድንገት ሞቱ። ስልኩን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚያው ቀን ቤተሰብ ተሰበሰበና፣ ደረታቸው ገና አልገጠመም፣ ለአንድ ወር ይቆይ ተባለ። ወሩ ሲደርስ ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ ሲያልፍ እኅቴ ቤዚ ትመረቅ ተባለ። ቤዚ ስትመረቅ ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ቆይቶ አሁን በምን አፍ ይነገራል ተባለ። አክስታችን አየለች ያን ጊዜ ከደሴ እየደወሉ፣ ንገሩት፣ እኔን አስፈቅዳችሁ ነው ወይ የምትደብቁት እያሉ ይቆጡ ነበር፤ የእሳቸውን ስልክ አባታችን እንዳያነሡ እኛ እየተሽቀዳደምን እናነሣ ነበር።

አባታችን ፀሐዩን አገናኙኝ ባሉ ቁጥር የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ፀሐዩ ለሥራ ገጠር ወጥተዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም እል ነበር። ለገጠሩ እንኳ ስም አውጥቼለት ነበር። አባታችን ለፋሲካ ለወንድማቸው ቁጥር አርባ ሁለት ጫማ ገዝተው አገር ቤት በሚሄድ ሰው ላኩ። ጫማውን የተቀበለው ሰውም ያውቅ ነበር፤ ግድ የለም አደርሳለሁ ብሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

በመስከረም አሌክሳንድርያ ውስጥ በአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ላይ ተጠርተን ነበር። አባታችን ነጭ ለብሰው፣ ከሕመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥተው እስክስታ ወረዱ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ላባቸውን እየጠረጉ ሲቀመጡ፣ ከደሴ ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ የሆነች ሴት ጠጋ ብላ፣ «ጋሽ ይድነቃቸው፣ እግዜር ያጥናዎት። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ ለጋሽ ፀሐዩ ያልወጣ ሰው የለም» አለቻቸው። እሷ ምን በወጣት። ሰባት ወር ያለፈው ነገር አይታወቅም ብላ እንዴት ትጠርጥር።

አዳራሹ ውስጥ ከመቶ ሰው በላይ ነበር። አባታችን ዞር ዞር ብለው የሰዉን ፊት አዩ። ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ያን ጊዜ ሁሉም እንደሚያውቅ ገባቸው። «ሰባት ወር ሙሉ የሞተ ሰው ደህንነት ስጠይቃችሁ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ?» አሉ። እናታችን ለልብህ አዝነን ነው ሲሏቸው፣ «ልቤን ማን ጠየቀው?» ብለው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው እዚያው ወንበር ላይ፣ በሰው ክርስትና መሐል ተቀመጡ። ማልቀስ እንኳ አልቻሉም። ለቅሶውን እኛ በልተንባቸው ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሲያውቅ የነበረውን ሰው ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ቤታቸው ጠሩ። ከሺፍት የወጣውም፣ ወደ ሺፍት የሚሄደውም መጣ፤ መተላለፊያው ሳይቀር ሞላ። አንድ በአንድ እየዞሩ፣ ፀሐዩ ሲቀበር አንተ የት ነበርክ፣ አንቺስ የት ነበርሽ እያሉ ጠየቁ። አንዱ ሥራ ላይ ነበርኩ አለ፣ ሌላዋ ልጅ ከትምህርት ቤት ሳወጣ ነበር አለች። ፉአድ፣ አጠገብህ ተራ እየጠበቅሁ ነበር ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ተራዬ ሲደርስ፣ ገጠር ወጥተዋል ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። አውቃለሁ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አላናገሩኝም፤ ይገባኛል።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2024 ድረስ አባታችን በዚህ አካባቢ መርዶ በዕለቱ የሚናገሩ ሰው ሆኑ። የኛ ሰው ወጉን ያውቀዋል፤ ወሬው ተደብቆ ይከርማል፣ ከዚያ አንድ ቀን ንጋት ላይ ሰው ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። እዚህ አገር ደግሞ ብሶበት፣ ቤትህ ውሃ ፈሷል ቶሎ ና ተብሎ ከሥራ የተጠራ ሰው እናውቃለን። ውሃውን ሊያስቆም ሮጦ ሲገባ ጥቁር የለበሰ ሰው ሞልቶ ይጠብቀዋል። አባታችን ይህንን አጥብቀው ጠሉት። ሞት የሰማ ቤተሰብ ሲደውልላቸው ታክሲያቸውን አቁመው በዚያው ቀን ይሄዳሉ። ኮሎምቢያ ሃይትስ ይሁን ፎልስ ቸርች አይመርጡም። ከአንድ ሰው በላይ አያስከትሉም። ከመግባታቸው በፊት ስለ ቀብሩ ቀንና ሰዓት፣ ስለሚደርሰው በረራም ጠይቀው ያጣራሉ። ከዚያ የሟቹን ስም ከነአባቱ ጠርተው፣ ሞተ ይላሉ። አመመው፣ ደከመው፣ አረፈ አይሉም። ያለቀሰውን ሰው እህል እስኪቀምስ አጠገቡ ይቆያሉ፤ አለቃውን ኮል አድርገው ነገ አይገባም የሚሉትም እሳቸው ነበሩ።

በዚህ የተነሣ ሰው ፈራቸው። ግራጫዋ ካምሪ መኪናቸው አንድ ሕንፃ ሥር ቆማ ከታየች ከላይ እስከ ታች ስልክ ይደዋወላል። አንዴ ቤልትስቪል ውስጥ ለአራስ ጥየቃ ሄደው በር ሲያንኳኩ፣ ከውስጥ የአራሷ እናት ልብሳቸውን ቀደው ጮኹ። ከዚያ በኋላ በሰላም ሰው ቤት ሲሄዱ የኬክ ካርቶን ከፍ አድርገው፣ በመስኮት እንዲታይ እያደረጉ ነበር የሚገቡት። አቶ ፉአድ ደግሞ እስከ መጨረሻው ድረስ የአባታችንን ስልክ ከማንሣታቸው በፊት «ሰላም ነው?» የሚል ቴክስት ይልኩ ነበር። አባታችን ለዚያ ቴክስት ሆን ብለው ዘግይተው ነበር የሚመልሱት።

ይህ ሥራቸው ያስከሰሳቸው ጊዜም አለ። በ2011 እ.አ.አ. አንዲት እኅት የእናቷን ሞት ከእሳቸው አፍ ስትሰማ ራሷን ስታ ወድቃ አምቡላንስ ተጠራ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ሊገድሉ ነው፣ ይቅርታ ይጠይቁና ይህን ነገር ያቁሙ አላቸው። አባታችን፣ ቆማ እያለች በመንገሬ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አሉ። «በመናገሬ ግን አልጠይቅም። እሷ ተነሥታ በማግሥቱ አውሮፕላን ይዛ እናቷን ቀብራለች። ከእናንተ መሐል የእናቱ ቀብር ያመለጠው ስንት ነው?» አሏቸው። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ሳይቀመጥ አይናገሩም ነበር። ያቺም እኅት ዛሬ እዚህ አለች፤ ከፊት ረድፍ ላይ ናት።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር።

ባለፈው ጥቅምት አባታችን ይከሱ ጀመር። በኅዳር ወር ስካን ተነሡ። ሐኪሙ ጋ የተመዘገበው ስልክ የእኔ ስለነበር ውጤቱ ቀድሞ ለኔ መጣ፤ ቆሽት ላይ ያለ ካንሰር ነው፣ ወደ ጉበት አልፏል። እኔ ለአባቴ እነግራለሁ ብዬ ሐኪሙን አሳመንኩና ቤት ገብቼ፣ አባዬ ኢንፌክሽን ነው አሉኝ፣ መድኃኒት ይሰጡዎታል አልኳቸው። የማን ልጅ እንደሆንኩ እያወቅሁ፣ ያን ቅዳሜ እዚያ ክፍል ቆሜ እያለሁ የሆነውን ሁሉ እያስታወስኩ፣ አፌ ይህን አለ። ለቢንያምና ለቤዚም ዝም በሉ አልኳቸው። ሰው ሲደብቅ እንዴት እንደሚደብቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለታማሚው አዝኖ አይደለም። ሲሰማ ፊቱ የሚሆነውን ላለማየት ነው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ደበቅሁ። ቢንያም ከሲያትል ያለ ምክንያት መጣ። ሰው ያለ ወትሮው በየቀኑ ፍራፍሬ ይዞ ይመጣ ጀመር። አባታችን አልጋቸው ላይ ተደግፈው የጠያቂውን ፊት ያጠኑ ነበር፤ ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ፊት ነው። በመጨረሻ ጠርተው የጠየቁት ፉአድን ነው፤ ፉአድም ከ2006ቱ ቅዳሜ ወዲህ ምንም አልደብቅህም ብለው ምለው ስለነበር ነገሯቸው። ወደ እኔ ዞረው «ስንት ቀን ሆነሽ?» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ አልኳቸው። «ያለፈውን መልሺልኝ አልልም። ከዛሬ ጀምሮ ያለውን ግን አትንኪብኝ» አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። ተነሺ፣ ሥራ አለብን አሉኝ።

ሥራም ነበረብን። በተረፋቸው አምስት ወር ተኩል ውስጥ የሚታረቁትን ታረቁ፣ የማይታረቁትንም እንደማይታረቁ በስልክ ነገሯቸው። የመቃብራቸውን ቦታ ከፉአድ ጋር ሄደው መረጡ። የልጅ ልጃቸው ሶሊ አንድ ቀን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አባባ፣ አር ዩ ዳይንግ?» ብላ፣ እየሞቱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ክፍሉ ውስጥ የነበርን ትልልቆች ሁሉ ልንቆጣት ተነሣን። እሳቸው «የስ» አሏትና ወደ እኛ ዞረው፣ በዚህ ቤት ደህና ጠያቂ እሷ ብቻ ናት አሉ። ከዚያ በኋላ ሶሊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቀጥታ ወደ እሳቸው ነበር የምትገባው፤ ምን ምን ሲያወሩ እንደነበር ለማንም አልተናገረችም።

ለአክስታችን ለወይዘሮ አየለች የነገሩትም ራሳቸው ናቸው። በጥር ወር እሑድ ዕለት ስልኩን ይዘው፣ እትዬ፣ ተቀምጠሻል ወይ ብለው ጠየቁና፣ ቀድሜሽ የምሄደው እኔ ነኝ አሏቸው። ሁለቱ ወንድምና እኅት ረጅም ጊዜ አለቀሱ፤ ከዚያ ስለ ልጅነታቸው ማውራት ጀምረው ሳቁ። ከዚያ እሑድ በኋላ ወይዘሮ አየለች በየሳምንቱ ይደውሉ ነበር። አባታችን ዐይናቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ እኔ ስሞት ለእትዬ በዕለቱ ትነግሪያለሽ፣ ቃል ግቢልኝ አሉኝ። ገባሁ።

አቶ ይድነቃቸው ኃይሉ ሐሙስ ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው፣ ሚስታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በተወለዱ በሰባ አምስት ዓመታቸው ሞቱ። አረፉ እንድል የመከራችሁኝ፣ እሳቸውን ነው የምቀብረውና በእሳቸው ቋንቋ ነው የተናገርኩት።

ቃሌን ግን በዕለቱ አልፈጸምኩም። ሐሙስ ሳልደውል ቀረሁ። ከዲሲ የመጣ ዘመድ፣ ከደሴ የደወለ ዘመድ፣ ከአክስታችን ጋር የምትኖረው የፀሐዩ ልጅ ሳትቀር፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት ነው፣ ልትገድያቸው ነው፣ ቀብሩ ይለፍ አሉኝ። ዓርብም፣ ቅዳሜም አመነታሁ። ቀብሩ ይለፍ፣ ከዚያ አርባው ይለፍ፣ ከዚያ ክረምቱ ይውጣ። ቋንቋውን አውቀዋለሁ፤ ከማንም በላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ወይዘሮ አየለች እንደ ልማዳቸው ደወሉ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ስልኩን ያነሣው ቢንያም ነው። አባዬ ተኝተዋል አላቸው። ድምፃቸው ለሁላችንም ተሰማ፤ «ይተኛ። እንቅልፍ ካገኘማ ደግ ነው። ሲነሣ ደውሉልኝ፣ ስልኩን አልለቅም» አሉ። ቢንያም ስልኩን ዘግቶ መተላለፊያው ላይ ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። በአሌክሳንድርያው አዳራሽ ያየሁትን ፊት እዚያ ቤት ውስጥ በእያንዳንዱ ሰው ላይ አየሁት።

ሰኞ ጠዋት፣ ይህን ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት፣ ማንንም ሳላማክር ደሴ ደወልኩ። መጀመሪያ የፀሐዩን ልጅ፣ አጠገባቸው ሁኚ፣ አስቀምጫቸው አልኳት። አይሆንም አለች። እንግዲያው አንቺ ባትኖሪም እነግራቸዋለሁ አልኳት። አስቀመጠቻቸው። «አክስቴ፣ ተቀምጠዋል?» አልኩ። ተቀምጫለሁ አሉ። «ወንድምዎ ይድነቃቸው ኃይሉ ሞተዋል። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ። ቀብራቸው ረቡዕ ነው» አልኳቸው።

ከዚያ፣ እሑድ ስደውል ሞቶ ነበር ማለት ነው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ቢንያምን አትቆጡት። እሱም አባቱ ነው የሞተበት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ፤ የፀሐዩም ልጅ አለቀሰች፤ እኔም ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ልባቸው ችሏል። ከኛ ሁሉ ልብ ይልቅ የእሳቸው ችሏል። ሲበርድላቸው፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁኝ። በእኛ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት፣ በእናንተ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አልኳቸው። «እንግዲያው እደርሳለሁ» አሉ።

አቶ ይድነቃቸው ኃይሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እታለማሁ ዮሐንስን፣ ልጆቻቸውን ሰርካለም ይድነቃቸውን፣ ቢንያም ይድነቃቸውንና ቤዛዊት ይድነቃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሶልያናንና ኖላዊን፣ የወንድማቸውን ልጅ፣ ወንድም የሆኗቸውን አቶ ፉአድን፣ እንዲሁም ያሳደጓቸውን ታላቅ እኅታቸውን ወይዘሮ አየለች ኃይሉን በሕይወት ትተው ሄደዋል። ስማቸውን ከመጨረሻ ያደረግሁት ከሁሉ ስለሚያንሱ አይደለም። ሽማግሌዎቹ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ሲያዩአቸው፣ የቀብሩን ቪድዮ አይተው እንዳያውቁ ስማቸው ይውጣ ብለውኝ ስለነበር፣ አለመውጣታቸውን ሁላችሁም በደንብ እንድትሰሙልኝ ነው።

በሕመማቸው ጊዜ ሌት ተቀን ላልተለያችሁን፣ ፍራፍሬ ላመጣችሁትም፣ አብራችሁን ለደበቃችሁትም፣ አብራችሁን ላለቀሳችሁትም ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። እግዚአብሔር ለሁላችሁም ብድራችሁን ይክፈል። የአባታችንንም ነፍስ በፊቱ ያቁምልን፤ በእሱ ዘንድ የሚደበቅ ነገር የለምና እዚያ እንደሚመቻቸው አልጠራጠርም።

ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ስልክ ክፍት ነው። ወይዘሮ አየለች ደሴ ላይ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ጎረቤቶቻቸው ዙሪያቸውን ይዘዋቸው፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ሲያዳምጡን ቆይተዋል። አሁን ስልኩን ወስጄ አስከሬኑ አጠገብ አኖረዋለሁ። ማንም ዝም አታሰኟቸው። አክስቴ፣ ታላቁ እርስዎ ነዎት፤ ለቅሶውን እርስዎ ይጀምሩልን።